የድራፍት ቢራ ባንኮኒ በመኖሪያ ቤት
አስመጪውና ባለሱቁ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ

በጎጃምና በበጌምድር እንግዳን በመጠጥ መቀበል ከጥንት ጀምሮ የኖረ የቤት ወግ ነው። ከጠላና ከጠጅ ቀጥሎ የፋብሪካ ቢራ በዚሁ ወግ ውስጥ ቦታውን ከያዘ ብዙ ጊዜው ነው። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን፣ ለጣና ዳርቻ ቅርብ የሆነው የጎንደሩ ዳሽን ቢራ ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራውን ጀምሯል። በጠርሙስ ከሚቀርበው ሌላ፣ በብረት በርሜል ተሞልቶ የሚመጣውና ከቧንቧ የሚቀዳው ቢራ «ድራፍት» ይባላል፤ በትልቁ ብርጭቆ ሲቀርብም «ጃምቦ» መባሉ በየመጠጥ ቤቱ የታወቀ ነው።

እንግዲህ በባሕር ዳር ከተማ፣ በግሽ ዓባይም ሆነ በሌሎቹ ክፍሎች፣ አዲስ ቤት ሠርቶ ሳሎኑን የሚያሰናዳ ሰው «ከባንኮኒዬ ላይ የድራፍት ቧንቧ ልትከል» ብሎ ወደ ሱቅ በመጣ ጊዜ ባለሱቁ ምን ሊመልስለት ይገባዋል? ገዢው የሚያየውና የሚያምረው ነገር የሚያብለጨልጨው ቧንቧ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቢራው ጥሩ ሆኖ መቀዳቱና አለመቀዳቱ የሚወሰነው ከባንኮኒው በታች በተሰወረው ዕቃ ነው። ይህን ሳያውቅ ቧንቧ ብቻ ያስመጣ ነጋዴ የሸጠው የቤት ጌጥ ይሆንበታል፤ ደንበኛውም ከሁለተኛው በርሜል በኋላ ዕቃውን ይዞ ይመለስበታል።

፩. ዕቃው ምን ምን ነው?

አንድ የድራፍት ባንኮኒ ሰባት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም፤ ቢራው ያለበት በርሜል፣ በርሜሉን ከቱቦ ጋር የሚያገናኘው የራስ ማያያዣ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የያዘው ሲሊንደር፣ የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር፣ የጋዝና የቢራ ቱቦዎች፣ ማቀዝቀዣው፣ በመጨረሻም ቧንቧው ናቸው። ጋዙ በሬጉሌተሩ በኩል ወደ በርሜሉ ገብቶ ቢራውን ከላይ ይጫነዋል፤ ቢራውም በበርሜሉ መካከል ባለው ቀጥ ያለ ዘንግ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ፣ በቱቦው አልፎ በቧንቧው ይቀዳል። ከነዚህ ከሰባቱ አንዱ ቢጎድል ወይም ከሌላው ጋር ባይገጥም የቀሩት ስድስቱ ዋጋ የላቸውም።

በርሜሉ አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 50 ሊትር ይይዛል። ባለ 50 ሊትሩ ሲሞላ ክብደቱ ከ60 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ቁመቱም ከግማሽ ሜትር በላይ፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ባንኮኒውን የሚሠራው አናጢ ልኩን አስቀድሞ ሊያውቅ፣ ወለሉም ክብደቱን ሊችል ይገባል። በርሜሉ የፋብሪካው ንብረት እንጂ የጠጪው አለመሆኑን፣ ባዶው ሲያልቅ የሚመለስ መሆኑንም ለገዢው ማስረዳት ያስፈልጋል።

፪. ስለ ቅዝቃዜ

ድራፍት ከ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሞቅ በውስጡ ያለውን ጋዝ መያዝ ይሳነዋል። ከቧንቧው የሚወጣውም ቢራ መሆኑ ቀርቶ አረፋ ይሆናል። በባሕር ዳር በሚያዝያ ወር የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ በሚጠጋበት ጊዜ ይህ ችግር ይበልጥ ይሰማል።

የሂሳቡ ነገር እንዲህ ነው። 50 ሊትር ቢራ ከ25 ዲግሪ ወደ 3 ዲግሪ እንዲወርድ 4500 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ሊወጣለት ይገባል። በሰከንድ 100 ጁል ሙቀት የሚያወጣ የቤት ፍሪጅ ይህን ለመጨረስ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እንግዲህ ለቅዳሜ ማታ የተፈለገ በርሜል ዓርብ ማታ ፍሪጅ ውስጥ መግባት አለበት ማለት ነው። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አምጥቶ እንግዳ ሲገባ የሚከፍት ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ይፈጸምበታል፤ የበርሜሉ ግማሽ አረፋ ሆኖ በባልዲ ይደፋል።

ፍሪጅ በሌለበት ወይም መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ በረዶ ይረዳል። ከላይ የተጠቀሰውን ሙቀት ለመሳብ በሂሳብ ከ13 እስከ 14 ኪሎ በረዶ ይበቃል፤ ነገር ግን ከአየሩ የሚገባውም ሙቀት ስለሚታከልበት ከ20 ኪሎ ያላነሰ ማዘጋጀት ይሻላል። ሌላም ዘዴ አለ። የማይዝግ ብረት ቱቦ እንደ ምንጭ ጥምዝ ተጠቅልሎ በበረዶና በውሃ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥና ቢራው በእርሱ ውስጥ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ይህ ሣጥን የሚያቀዘቅዘው የሚቀዳውን ብቻ ስለሆነ ለአንድ ቀን ድግስ እጅግ ይስማማል።

፫. ስለ ጋዝና ስለ አገሩ ከፍታ

እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 እንዳስረዳው፣ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን በላዩ ላይ ባለው የዚያው ጋዝ ግፊት ልክ ነው። ቢራም የተለመደውን ጋዙን ይዞ እንዲቆይ በበርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከቅዝቃዜው ጋር ተመዛዝኖ መቆየት አለበት።

ከውጭ አገር ዕቃውን ተከትሎ የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። በዚያ አገር በአንድ ሊትር 5 ግራም ያህል ጋዝ ለያዘ ቢራ፣ ቅዝቃዜው 3 ዲግሪ ሲሆን፣ የሬጉሌተሩ መርፌ 0.8 ባር ገደማ ላይ ይቆማል። ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 1 ባር ያህል ሲሆን፣ በባሕር ዳር 0.8 ባር ያህል ብቻ ነው። መርፌው የሚያሳየው ደግሞ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። ስለዚህ በበርሜሉ ውስጥ ትክክለኛው ግፊት እንዲገኝ የጎደለውን 0.2 ባር መጨመር፣ ማለትም መርፌውን 1 ባር ገደማ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ለጎንደር የሚጨመረው ከዚህ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ለአዲስ አበባ 0.25 ባር ያህል ነው፤ ዝቅ ብላ ለምትገኘው ለድሬዳዋ ግን 0.13 ባር ገደማ ይበቃል።

ይህን ሳያውቅ የመመሪያውን ቁጥር እንዳለ የተከተለ ሰው በመጀመሪያ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይበዛበታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ቢራው ጋዙን ጨርሶ ይሞትበታል። ያን ጊዜ ጥፋቱን በፋብሪካው ወይም በባለሱቁ ላይ ያደርሳል። እንግዲህ ይህን አንድ ቁጥር በአማርኛ ጽፎ ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ባለሱቅ ብዙ ክርክር ይድናል።

ቢራው በእጅ በሚሠራ የአየር ፓምፕ ሊገፋ ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛም አይታጣም። ይቻላል፤ ይሁን እንጂ አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ቢራውን ስለሚያበላሸው በርሜሉ በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተገፋና በደንብ የቀዘቀዘ በርሜል ግን ከተከፈተ በኋላ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

፬. ስለ ቱቦና ስለ አቀዳድ

የቢራው ቱቦ አጭርና ሰፊ ከሆነ ቢራው በኃይል ወጥቶ አረፋ ይሆናል፤ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ደግሞ ፍሰቱ ይዘገያል። ለቤት ባንኮኒ ውስጣዊ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ተወስዶ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርዝመት ይዞ መጀመርና እየሞከሩ ማስተካከል ይበጃል። ቱቦው ለምግብ የተፈቀደ ዓይነት መሆን አለበት። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሽታውን ለቢራው ስለሚሰጥ አይሆንም። ቧንቧውም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ነሐስ በላዩ የተቀባው ሲላጥ ጣዕም ይለውጣል።

በሚቀዳበት ጊዜ ብርጭቆው 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ተደርጎ፣ ቧንቧው በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ቧንቧውን በግማሽ ከፍቶ መጠንቀቅ አረፋን ያበዛል እንጂ አይቀንስም። ቅባት የነካው ብርጭቆ የቢራውን አረፋ ወዲያው ስለሚያጠፋው ብርጭቆዎቹ ከምግብ ሳህን ተለይተው መታጠብ አለባቸው።

፭. ስለ ጽዳት

ባልትና ያላት እመቤት ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ ካላጠነች ጌሾዋም ብቅሏም ከንቱ እንደሚሆንባት ከእናቷ ተምራዋለች። የድራፍት ቱቦም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የጋኑ እድፍ በዓይን ሲታይ የቱቦው እድፍ አለመታየቱ ነው። እርሾና ባክቴሪያ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ቢራውም መጀመሪያ ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ቀጥሎም ይኮመጥጣል።

በጎ ልማድ ያላቸው መጠጥ ቤቶች ቱቦውን በየ14 ቀኑ 2 በመቶ ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት መፍትሔ ለ15 ደቂቃ ያጥቡታል፤ ቧንቧውንና ማያያዣውንም ፈተው በብሩሽ ይፈገፍጋሉ። በየ3 ወሩ ደግሞ የሚጠጥረውን የቢራ ድንጋይ ለማስወገድ በአሲድ ያጥባሉ። ኮስቲክ ሶዳ ሥጋን የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ የእጅ ጓንትና የዓይን መከለያ ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ቱቦው በብዙ ንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ይህን ለማድረግ ጊዜም ሠራተኛም የሌለው ሰው የቤት ድራፍት ባይገዛ ይሻለዋል።

፮. ስለ አደጋ

በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በ20 ዲግሪ ሙቀት 57 ባር ያህል ግፊት አለው። ስለዚህ ሲሊንደሩን ያለ ሬጉሌተር ከበርሜል ጋር ማገናኘት ሰውን እስከ መግደል የሚደርስ ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል። ለማብሰያ ጋዝ የተሠራውን ሬጉሌተር መጠቀምም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሲሊንደሩ ምንጊዜም ቀጥ ብሎ ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር፤ ፀሐይም አይምታው።

ሌላው አደጋ የማይታየው ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከአየር ስለሚከብድም ከታች ይጠራቀማል። በአየሩ ውስጥ ጥቂት በመቶ ሲሆን ራስ ያሳምማል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ 10 በመቶ ሲደርስ ሰውን ራሱን ያስታል። በባሕር ዳር አየር 10 ኪሎ ጋዝ ቢያመልጥ ከ6 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ይህም የጎንና የጎኑ ልክ 3 ሜትር የሆነችን ዝቅ ያለች የዕቃ ክፍል አየር ሩብ ያህሉን ይይዛል ማለት ነው። በተዘጋች ክፍል እንዲህ ያለ ሲሊንደር ማኖር ልጆችንና አገልጋዮችን ለሞት ማጋለጥ ነው።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው። አንድ ባለ 50 ሊትር በርሜል ለመግፋት የሚያስፈልገው ጋዝ 170 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 2 ኪሎ ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሲሊንደር በሂሳብ ለ11 በርሜል፣ የሚያመልጠውም ቢታሰብ ለ8 በርሜል ይበቃል። ለመኖሪያ ቤት ትልቁን ሲሊንደር የሚሸጥ ባለሱቅ ለደንበኛው ምንም ጥቅም ሳይጨምርለት አደጋውን አብዝቶበታል። ማያያዣዎቹ ሁሉ በሳሙና ውሃ ተቀብተው አረፋ አለማውጣታቸው ይታይ፤ ክፍሉም በወለሉ አጠገብ ጭምር የአየር መውጫ ይኑረው።

፯. ለማን ይስማማል?

አሁን ወደ ንግዱ ዋና ነገር እንመለስ። 50 ሊትር ማለት የ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ ቢሆን 151 ጠርሙስ ነው። በአንድ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሁለት ብርጭቆ ቢጠጡ በሳምንት 4 ሊትር ይሆናል። በዚህ አኳኋን 50 ሊትሩ ከ12 ሳምንት በላይ፣ 30 ሊትሩም ከ7 ሳምንት በላይ ይቆያል። ይህን ያህል ጊዜ የቆየ የተከፈተ ድራፍት ጣዕሙ የጠፋ ነው። እንዲህ ላለው ቤት ጠርሙስ ይረክሳል፣ ይጣፍጣልም። ፍሪጁ ሌሊትና ቀን የሚበላው መብራትና በየ14 ቀኑ የሚታጠበው ቱቦ ሲታሰብ ኪሳራው ይብሳል።

በሌላው ወገን ሠርግ ወይም ክርስትና ያለበትን ቤት እንመልከት። 200 ሰው እያንዳንዱ ሁለት ግማሽ ሊትር ቢጠጣ 200 ሊትር፣ ማለትም 4 ትልልቅ በርሜል በአንድ ቀን ያልቃል። ይህ ቢራ ለመበላሸት ጊዜ የለውም፤ ከ600 በላይ ጠርሙስ በሣጥን ማመላለስና ባዶውን መቁጠርም ይቀራል። ድግሱ ሲያልፍ ግን ቧንቧው እስከሚቀጥለው ድግስ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ሠርግ የሚበዛው በጥርና ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ፣ በዓቢይ ጾምም ሠርግ ስለማይደረግ፣ አንድ ቤተሰብ ይህን ዕቃ በዓመት ውስጥ የሚያሠራው በጣት የሚቆጠር ቀን ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለብዙው ሰው የሚስማማው ዕቃውን መግዛት ሳይሆን መከራየት ነው። ባለሱቁ የበረዶ ሣጥን፣ ሁለት ቧንቧ፣ ትንሽ ሲሊንደርና ሬጉሌተር አንድ ላይ አሰናድቶ፣ ቀጂና አጣቢ ሠራተኛ ጨምሮ ቢያከራይ፣ አንዱ ዕቃ ድንኳንና ወንበር እንደሚያከራየው ሰው በአንድ ወቅት ብዙ ቤት ይዞርለታል። ጽዳቱም በሚያውቅ እጅ ስለሚሆን የጠጪው ጤና ይጠበቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን መከልከሉንም አከራዩ ለቀጂው ሊያስታውሰው ይገባል።

፰. አስመጪው ሊመረምረው የሚገባ

የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ለማይሸጥ ዕቃ የወጣ ዶላር ከፊተኛው ይልቅ ያማል። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፤ የበርሜል ራስ ማያያዣ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ «ኤ»፣ «ኤስ»፣ «ዲ» እየተባለ የሚጠራው እርስ በርሱ አይተካካም። በአካባቢው ቢራ የሚያከፋፍለው ፋብሪካ የሚጠቀምበትን ዓይነት በጽሑፍ ሳይጠይቅ ማዘዝ ገንዘብን ወደ ጣና መወርወር ነው። ሁለተኛ፤ የሲሊንደሩ ጥርስ እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት 21.8 ሚሊ ሜትሩ የጀርመን ልክ ለአሜሪካው ሲጂኤ 320 ሬጉሌተር አይገጥምም። በአገር ውስጥ የሚሞላውን ሲሊንደር በእጅ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማቀዝቀዣ በ110 ቮልትና በ60 ኸርዝ ስለሚሠራ፣ በአገራችን ባለው በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ አይሆንም። አራተኛ፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር መለዋወጫ ጎሚኒ በብዛት ይምጣ፤ ዋጋው ጥቂት ሆኖ ሳለ እርሱ በመታጣቱ ብቻ ሙሉው ዕቃ ይቆማልና።

ሁሉንም ከውጭ ማስመጣት ግን አስፈላጊ አይደለም። ባንኮኒውን የባሕር ዳር አናጢዎች፣ የበረዶ ሣጥኑን፣ የቧንቧውን መቆሚያና የጠብታ መቀበያውን የብረት ሠራተኞች አሳምረው ሊሠሩት ይችላሉ። ከውጭ ሊመጣ የሚገባው ማያያዣው፣ ሬጉሌተሩ፣ ለምግብ የተፈቀደው ቱቦ፣ ቧንቧውና ጎሚኒው ነው። ይህ ሁሉ በትንሽ ሣጥን የሚጫን ስለሆነ ከጅቡቲ የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ ይቀላል፤ ቀሪውም ገንዘብ ለአገር ባለሙያ ይደርሳል።

እንግዲህ ደንበኛው ቧንቧ ይሸጥልኝ ብሎ በመጣ ጊዜ ባለሱቁ አስቀድሞ ይጠይቀው፤ በሳምንት ስንት ሊትር ይጠጣል? በርሜሉን የሚያቀዘቅዘው በምንድን ነው? ሲሊንደሩ የሚቆመው የት ነው? ቱቦውን የሚያጥበው ማን ነው? ለአራቱም ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ያለው ሰው ገዝቶ ይደሰትበታል። መልስ ያጣው ደግሞ ለድግሱ ቀን ይከራይ። ዛሬ ያልሸጠለት ነጋዴ በሚመጣው ጥር ኪራዩን ይቀበለዋል።